አስራ አንድ ሰዓት ብዬው ነበር

እና ይሄን ወሬ ጊዜህን ሰጥተህ ብትሰማኝ አትከስርም፣ ቃሌ ነው፣ ምክንያቱም ሌሊሴ ይሄኔ እየደወለች ነው፣ እኔ ደግሞ ማንሳት አልችልም፣ ፊት ለፊቴ ሰማያዊ ስክሪን፣ መሃሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ፣ ሠላሳ በመቶ፣ ኮምፒውተሩን አያጥፉ ይላል፣ ማን ሊያጠፋው፣ ማቆሚያ መች ሰጠኝ።

አሁንም ሠላሳ።

ስልኬ አየር ጤና የታክሲ ግፊያ ላይ ከተሰረቀ ወዲህ ቁጥሯ ያለው እዚህ፣ የምሠራበት የእትዬ ሰርኬ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ኮምፒውተሩ ላይ በከፈትኩት ቴሌግራም ብቻ ነው፣ ትናንት ልንዘጋ ስንል ለሥራ ከሄደችበት ከነቀምት ጻፈችልኝ፣ ያዴ፣ ነገ ረፋድ አምስት ሰዓት እደውላለሁ፣ ከዚያ አለቃዬ ጋ ገብቼ እዚሁ መቅረቴን ወይ አዲስ አበባ መመለሴን እነግረዋለሁ፣ የምትለኝ ካለ በለኝ። አለኝ እንጂ። አንድ ቃል። ፌርማታ ድረስ ስሸኛት ስንቴ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ተመልሷል፣ እሷ ታክሲ መጣ ትላለች፣ እኔ በቃ ቻው እላለሁ።

ቆይ ላስረዳህ፣ ማስረዳት ነፍሴ ነው፣ ኮርስ አልገባሁም፣ ነካክቼ ነው የተማርኩት፣ ይሄ አፕዴት የሚያደርገው ፕሮግራም ትናንት በስንት ሰዓት ልጀምር አለኝ፣ አንዲት ባዶ ሳጥን፣ 11 ብዬ ጻፍኩ፣ በኛ አስራ አንድ ሰዓት፣ ደንበኛ ሲሳሳ፣ እሱ በፈረንጅ ቆጠራ የጠዋቱን 11 ወሰደ፣ የኛን አምስት ሰዓት፣ የሌሊሴን አምስት ሰዓት፣ ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት እንኳ አላለኝም። ማስጠንቀቂያውስ፣ መጥቶ ነበር፣ የደንበኛችንን የጋሽ ሀያቱን ማመልከቻ እየጻፍኩ አዲስ መስመር ልጀምር ኢንተር ስመታ በዚያችው ቅጽበት ዘሎ ወጣ፣ ኢንተሯን እሺ ብሎኛል ብሎ ተቀበላት፣ እኔ አይቼው ሳልጨርስ ጠፋ፣ ሰው ሌላ ነገር እየሠራ እንዴት እጁን ይዘው ያስፈርሙታል።

አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተሩም ቁርሱን ሳይበላ ነው እንዴ የመጣው፣ ጋሽ ሀያቱ ናቸው፣ የተቀመጡት የሌሊሴ ወንበር ላይ ነው፣ እዚያ ሆና ነበር ፊደል ስገድፍ በእስክሪብቶዋ ክዳን እጄን መታ የምታደርገኝ፣ ሆን ብዬ እገድፍ ነበር፣ እትዬ ሰርኬ ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ ነቅለህ መልሰህ ሰካዋ፣ አይ እትዬ፣ መሃል ላይ ከተነቀለ ጭራሽ ላይነሳ ይችላል፣ ታዲያ ምን ያቁነጠንጥሃል፣ የነቀምቷ ናት አይደል። ጋሽ ሀያቱ ሳቁ። መብራት እንዳይሄድ ብቻ፣ ዛሬን ብቻ።

ሌሊሴ መሥሪያ ቤቷ ኮሪደር ላይ ቆማ ትታየኛለች፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዛ፣ በግራ እግሯ ጫማ ቀኙን እየነካካች፣ ፕሮግራሙ ስንት ደቂቃ እንደቀረው ቢነግረኝ እኮ ሮጬ የሆነ ነገር አደርግ ነበር፣ ሰማንያ፣ ከሠላሳ እንዴት ሰማንያ፣ ስክሪኑ ጠቆረ፣ ነጋ።

ተከፈተ። ቴሌግራም። ያልተነሳ ጥሪ፣ ከሥሩ፣ አላነሳህም፣ እሺ፣ ልገባ ነው። እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ሄሎ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያዴ፣ በሩ ላይ ነኝ፣ ኮቱ አልኳት፣ በቤታችን ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ ነይ፣ ሌሊሴ ነይ፣ እትዬ ሰርኬ እየሰሙ፣ ጋሽ ሀያቱ እየሰሙ፣ እና እስከ ዛሬ ምን ይዞህ ነው አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት፣ ቆይ አትዝጋው፣ ለአለቃዬ የምለውን ስማ አለች፣ በር ሲከፈት ይሰማኛል፣ እንደምን አረፈዱ ስትል፣ ወንበር ሲጎተት፣ ጆሮዬን ስፒከሩ ላይ ለጥፌያለሁ፣ አንተ ግን እዚህ ምን ትጠብቃለህ፣ ሂድ፣ ኮምፒውተርህን ክፈት፣ አፕዴት የሚጀምርበትን ሰዓት ራስህ ሞክረው፣ 11 ብለህ ጻፍና የትኛውን 11 እንደወሰደ እይ፣ የምትጠብቀው ሰው ሳይደውል።