ከእሷ በቀር ሁሉም

"እህትሽ ልትሄድብሽ ነው አሉ፤ ስሰማ እንዴት እንዳዘንኩልሽ!" አሉ እትዬ ሬዲዮ፣ አንገታቸውን መታጠቢያው ላይ አንጋልለው፣ ሻምፑ እንዳይገባባቸው ዓይናቸውን ጥርቅም አድርገው።

የፀጉር ሰሪዋ ጣቶች አረፋው ውስጥ ቀጥ አሉ።

"የማን እህት?"

እትዬ ሬዲዮ አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላቸው የከተማው ሰው ነው። በከተማዋ ማን እንደተጣላ፣ ማን እንደታረቀ፣ የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች ወሬው ሁሉ የሚነሳው ከእሳቸው ነው። ፀጉር ሰሪዋ እኚህን ሴትዮ ማጠብ ከጀመረች ስንት ዘመኗ! አፋቸውን ሲዘጉ ያየችው ግን ገና ዛሬ ነው።

"ምን አልኩ?" አሉ።

"እህትሽ ልትሄድ ነው አሉኝ።"

"ጆሮዬ ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው።"

"እትዬ፣ እርስዎ ተናገሩ እንጂ አልሰሙም። ጆሮዎ ምን አገባው?"

"በይ እጠቢኝ ልጄ፣ አንገቴ ደነዘዘ። ደግሞ እንደምታውቂው እኔ ወሬ አልወድም።"

ፀጉር ሰሪዋ እህት የላትም። ያላት አንድ ታላቅ ወንድም ብቻ ነው። ነገሩን እንደ ሴትዮዋ መዘባረቅ ቆጥራ ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር፤ ቀና ብላ መስታወቱን ባታይ ኖሮ። በመስታወቱ ውስጥ፣ ተራ የምትጠብቀዋ ደንበኛ ስልኳ ላይ አቀርቅራለች። ስልኩ ግን አልበራም። አብራት የምትሠራው ባልደረባዋ ደግሞ አሁን የጠረገችውን ወለል እንደገና እየጠረገች ነው።

"አንቺም ታውቂያለሽ?" አለቻት።

"እኔ?" አለች ባልደረባዋ ወደ መጥረጊያው እያየች። "እናትሽን ብትጠይቂ አይሻልም?"

ፀጉር ሰሪዋ ደሟ ፈላ። የዚህች ከተማ ሴቶች ለባሎቻቸው ያልነገሩትን ለእሷ ይነግሯታል። የስንቱን ጉድ ሰምታ ሆዷ ውስጥ ቀብራዋለች። የራሷ ቤት ጉድ ግን በየሰው ሳሎን ሲዞር ኖሮ እሷ ጋ ሲደርስ ጆሮ ውስጥ ውሃ ይገባል! የእትዬ ሬዲዮን ፀጉር በቢጎዲን ጠቅልላ ማድረቂያው ካስክ ስር አስገባቻቸው፤ ሙቀቱንም ሳታስበው ይሁን አስባው ትንሽ ከፍ አደረገችው። የቀረውን ለባልደረባዋ ትታ ሽርጧን አውልቃ ወጣች።

ወንድሟ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስር ተኝቶ ነበር። የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

"ጋሼ! እህት አለን እንዴ?"

የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

"ማን ነገረሽ?"

"አለን ማለት ነው! የለንም ብትል ምን ነበረበት?"

"ዘይት እያፈሰስኩ ነው፤ ኋላ እንነጋገራለን።"

ጎንበስ ብላ ሁለት እግሮቹን ያዘችና ጎተተችው። ጎማ ባለው ጣውላ ላይ የተጋደመው ወንድሟ፣ መፍቻውን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ፣ ፊቱ በግሪስ ተለውሶ ተንሸራቶ ወጣ። ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ሳቁ። እሷ አልሳቀችም።

"አባባ ሊሞት ሲል ነው የነገረኝ" አለ ቁጭ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። "አደራ ለእሷ እንዳትነግራት አለኝ።"

"ለምን?"

"ታለቅሳለች ብሎ።"

"እሱ ከሞተ ስንት ዓመቱ! ብነግራት ታለቅሳለች ብለህ አንተም እስካሁን ዝም?"

"ይኸው ልታለቅሺ ነው እኮ።"

"ተናድጄ ነው! ማን ናት?"

"ቃል ሰጥቻለሁ። እማዬን ጠይቂያት።" ከዚያ እህቱን አየት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ግን አትዘግዪ። ዕቃዋን የሚጭነው መኪና ጠዋት እዚህ ነበር፤ ፍሬኑን አጥብቄ ሸኝቼዋለሁ። ከምሳ በኋላ ይወጣሉ" አለ።

እናቷ ጓሮ ጥላው ስር ተቀምጣ ድንች ትልጣለች። ልጇ በሥራ ሰዓት ከተፍ ስትልባት ምንም አልገረማት፤ ሁለተኛ ቢላዋ አቀበለቻት።

"ከመጣሽ አይቀር አግዢኝ።"

"እማዬ፣ ሌላ ልጅ አለሽ?"

እናትየዋ የያዘችውን ድንች ልጣ ጨረሰች። ከዚያ ሳህኑ ውስጥ ጣል አድርጋ ሌላ አነሳች።

"ልነግርሽ ነበር እኮ። ትምህርቷን ትጨርስ አልኩ፤ ጨረስሽ። ታግባ አልኩ፤ አገባሽ። ትውለድና ልቧ ይርጋ አልኩ፤ ወለድሽ። ከዚያ አባትሽ ታመመ። ከዚያ ደግሞ… እንዲያው ሳይመቸኝ ቀረ።"

"ሳይመችሽ!"

"አትጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል።"

"ጎረቤት ያውቃል እማዬ! ካስክ ስር ያሉት ሳይቀሩ ያውቃሉ! እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው!"

እናቷ ቢላዋውን ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው። ከአባታቸው ጋር ከመገናኘቷ በፊት ነው፤ ገና ልጅ ነበረች። ያረገዘችለት ሰው አገር ጥሎ ጠፋ። ሕፃኗ ስትወለድ አያትየው ከእናትየዋ ክንድ ላይ አንስታ፣ መውለድ ላልቻለችው ለአክስቷ ሰጠቻት። አክስትየው የእኔ ናት አለች፤ ሰውም እሺ የአንቺ ናት አላት። ይህን ሁሉ ስትናገር እናትየዋ ዓይኗን ከድንቹ ላይ አላነሳችም።

"ሲስተር ናት እኮ" አለች በመጨረሻ፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነገር እንደምትደግም። "ጤና ጣቢያ የምታዋልደው።"

ፀጉር ሰሪዋ ተነስታ ቆመች። ሲስተር! በየሁለት ሳምንቱ የምትመጣው፣ "ከአንቺ እጅ ሌላ አልነካም" እያለች ባልደረባዋን የምታስቀይመው፣ አንገቷ ላይ እንኳ የማይደርስ አጭር ፀጉር ይዛ አሳጥባ አስደርቃ የማትጠግበው ሲስተር!

"ሁለቱንም ልጆቼን ያዋለደችኝ እሷ ናት!"

"አውቃለሁ። ተረኛም አልነበረችም። ሂጂላት ብዬ የላክኋት እኔ ነኝ።"

"እና ትነጋገራላችሁ?"

"አልፎ አልፎ።"

"መሄዷንስ? ተሰናበትሻት?"

"ገበያ ተገናኝተን ተዛውሬያለሁ፣ ደህና ሁኚ አለችኝ። ደህና ግቢ አልኳት።"

"በቃ?"

"ሰው ነበረ አጠገባችን።"

ፀጉር ሰሪዋ ቢላዋውን ሳህኑ ውስጥ ወረወረችው። "ተነሽ፣ እንሂድ።"

"በቀን ብርሃን? ሰው ሁሉ እያየ? ምን ብዬ?" እናቷ ቀሚሷን በሁለት እጆቿ ጨመደደች፤ ከመቀመጫዋ ግን አልተነሳችም። "አንቺ ሂጂ። ሰላም በያት።"

ሲስተር ቤት ደጃፍ የጭነት መኪናው ተጭኖ አልቋል። ፍራሹ ከቁም ሳጥኑ ላይ በገመድ ተጠፍሯል። ሲስተር ወገቧን ይዛ ቆማ ቋጠሮው እንዲጠብቅ ለሾፌሩ ታሳየዋለች። ዞር ስትል ፀጉር ሰሪዋን አየች፤ ፊቷን ማንበብ አላቃታትም።

"ነገሩሽ" አለች።

"ማንም አልነገረኝም! ከጠዋት ጀምሮ ከየሰዉ አፍ እንደ ጥርስ እየነቀልኩ ነው የመጣሁት!" ሁሌም እርስዎ የምትላትን ሴት አንቺ ስትል ራሷም አላስተዋለችውም። "አንቺ ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?"

"ያሳደገችኝ ሳትሞት ነግራኛለች። አንቺ ፀጉር ቤቱን ገና ስትከፍቺ።"

"እና ይህን ሁሉ ዘመን ጭንቅላትሽን እጄ ላይ ጥለሽ ዝም?"

"እናትሽ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ትንሽ ታገሺኝ አለችኝ። ታገስኩ።" ሲስተር አጭር ፀጉሯን በመዳፏ ዳሰሰችው። "ይቺን ፀጉር በየሁለት ሳምንቱ ለምን እንደማመጣልሽ አንድ ቀን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ነበር። ስትጠይቂኝ ልነግርሽ።"

"ጭንቅላትሽን ሲያሹሽ የምትወጂ ነበር የመሰለኝ!"

"እሱንም እወዳለሁ።"

ፀጉር ሰሪዋ ልትስቅ ብላ አፏን ስትከፍት የወጣው ለቅሶ ሆነ። ሲስተር እንደ አዋላጅ ጠበቅ አድርጋ ያዘቻት፤ በርቺ፣ ተንፍሺ አለቻት። የሚያናድደው ነገር፣ ድምፁ በምጥ ጊዜ ሲያበረታት የነበረው ያው ድምፅ መሆኑ ነው።

"እመቤቶቼ፣ ይመሽብናል" አለ ሾፌሩ። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ነው፤ ምንም አያውቅም። በዚህ ቀን ያጋጠማት ምንም የማያውቅ ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ ፀጉር ሰሪዋ ወደደችው።

ሲስተርን አስቀድማ ጋቢናው ውስጥ አስገባቻትና ተከትላት ተሳፈረች።

"ወዴት ነው?" አለች ሲስተር።

"እስከ መውጫው ልሸኝሽ። ሾፌር፣ በታችኛው መንገድ ውጣ።"

"ታችኛው እኮ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው።"

"ቀስ ብለህ ንዳ።"

ሲስተር ገባት። የፀጉር ሰሪዋን ክንድ ያዘች። "ተይ፣ አታስጨንቂያት። ካልፈለገች…"

"ትፈልጋለች። የምትፈራው ሰው ነው።"

መኪናው እየተንገጫገጨ ወርዶ እናትየዋ በር ላይ ቆመ። ፀጉር ሰሪዋ ልትወርድ የጋቢናውን እጀታ ያዘች። ወርዳ ብታንኳኳ ምን እንደሚሆን ታውቀዋለች። እናቷ በሩን ገርበብ ታደርጋለች፤ ግራና ቀኝ ታያለች፤ ቶሎ ግቡ ትላለች፤ ከውስጥ ትቀረቅራለች። ሦስቱም ድምፃቸውን አፍነው ያለቅሳሉ። ከዚያ ሲስተር ፊቷን ታጥባ ትወጣለች፤ ነገ ደግሞ ሁሉም ሰው ምንም አያውቅም።

እጀታውን ለቀቀችው።

"ክላክስ አድርግ" አለችው ሾፌሩን።

አንዴ ጡጥ አደረገ።

"እንደሱ አይደለም። ሳታቋርጥ።"

"ሰፈሩ ሁሉ ይወጣል እኮ፣ እህቴ!"

"ይውጣ። እኛም ለእሱ ነው የመጣነው" አለችና በሲስተር ጉልበት ላይ ተንጠራርታ፣ መዳፏን ክላክሱ ላይ አሳርፋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው።