ሁለተኛው አሻራ

«ግራ እጅህንም አምጣ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የባሏን ጣቶች አንድ በአንድ ስልኳ ላይ እያስነካች።

«ቀኙ አልበቃሽም?» ምሳውን እንኳ አልጨረሰም። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉሻል ይሄ ነው።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረም ይላሉ።»

ነገሩ የጀመረው ጠዋት ነው። የፀጉር ቀለሙና ማለስለሻው የአውራ ጣቷን አሻራ ስለፋቀው ስልኩ አልከፈት አላትና ጥገና ቤት ወሰደችው። ጠጋኙ የደህንነት ገጹን ከፍቶ፣ «ሁለት አሻራ ተመዝግቧል፤ የትኛውን ላድስልሽ?» አላት። እሷ የምታውቀው አንዱን ብቻ ነው። ሰውየው የማን ጣት እንደሆነ መለያ ዘዴውን አሳያት፤ ገጹ ክፍት ሆኖ የተመዘገበ ጣት ሲነካው የዚያ ጣት ስም ይበራል።

ከዚያ በኋላ እጇ ደንበኛ ፀጉር ላይ፣ ልቧ ቤቷ ነበር። የባለቤቱን ጣት የረሳ ስልክ ለሌላ ሰው በሩን ይከፍታል! የይለፍ ቁጥሩን ደግሞ ከሷ ሌላ የሚያውቀው ባሏ ብቻ ነው። ምን ሊያገኝ ነው የሚበረብረው? ፀጉር ቤት የማይወራ ስለሌለ፣ ሌላ ሴት የያዘ ባል ሚስቱን ቀድሞ እንደሚጠረጥር ስንቴ ሰምታለች።

አሥሩም ጣት አለቀ፤ አንዱም አልበራም። አፈረች። ግን ባሏ ነጻ የወጣ ሰው ፊት አልነበረውም፤ ዓይኑን ወደ ሶፋው ሰረቅ አደረገ። ሶፋው ላይ የተቀመጡት እናቷ እጃቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ከተቱ።

«እማዬ፣ እስቲ እጅሽን።»

«የአሮጊት እጅ ምን ይሠራልሻል?»

«አምጪው።»

የእናቷ አውራ ጣት ሲያርፍ «ጣት ሁለት» የሚለው ቦግ አለ።

«እኔ ነኝ የመዘገብኩላቸው» አለ ባሏ ቶሎ ብሎ። «የይለፍ ቁጥሩን ለመጫን አይታያቸውም። ወንድምሽ በድምፅ የሚልክልሽን መልእክት አንቺ አትከፍቺውም፤ አንቺ ስትተኚ እሳቸው ይሰሙታል።»

ታናሽ ወንድሟ አባታቸው ታሞ ሳለ አንድ ቀን ብቅ አላለም፤ የመጣው ለቀብር ነው። ከዚያ ወዲህ ስሙ በዚህ ቤት እንዳይነሳ ብላለች።

«ስሙን አላነሳሁም» አሉ እናቷ። «ድምፁን ነው የሰማሁት። ልጄ አይደል እንዴ?»

«ለመሆኑ መልእክቱ እንደተሰማ አያይም?»

«ያያል» አለ ባሏ። «አንቺ የምትሰሚው ስለሚመስለው ነው እስካሁን ያላቋረጠው።»

ደሟ ፈላ። ይህን ሁሉ ጊዜ ወንድሟ ሲለምን፣ እሷ በሌላ ሰው ጣት ስታደምጠው ኖራለች። ባሏም እናቷም አታለዋታል፤ ይቅር ልትላቸውም ገና ዝግጁ አልነበረችም። «ጣት ሁለት»ን ተጭና ያዘች፤ ስልኩ «ይሰረዝ?» አላት። እናቷ አንገታቸውን ደፍተው አውራ ጣታቸውን በሌላው እጃቸው ያዙት።

ተወችው። ከባሏ ዞር ብላ የይለፍ ቁጥሩን ቀየረችና ስልኩን እናቷ ጭን ላይ አኖረችው።

«የዛሬውን መልእክቱን ክፈቺው» አለች። «ድምፁን ጨምሪው።»