የማናለብሽ ወዝ

ማናለብሽን የከሰል እሳት ነው የለበለባት ብሎ ያልመሰከረ ጎረቤት አልነበረም። የዲከረንስ ዛፍ ቆርጣ፣ ከምራ፣ አፈር አልብሳ ከሰል የምታከስል ሴት ገላዋ ውኃ ቢቋጥር ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? ባሏ ደርበው ቅቤ ቀባት። ቁስሉ አፏ ውስጥም ሲወጣባት ግን፣ «ይኸኛውንም ፍም ጎርሳ ነው በሉኛ» ብላ እንጅባራ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

ሐኪሟ ቁልጭ አድርጋ ነገረቻት፤ እሳት አልነካትም፤ ሰውነቷ የገዛ ቆዳውን ጠላት ብሎ እየወጋው ነው። ኪኒን ሰጠቻት። ቁስሉ ደረቀ። ጉንጯም ተነፋ።

«ወዝሽ ተመለሰ፣ ልጄ። አራስ መሰልሽ» አሏት አማቷ እማማ የሻረግ።

«የኪኒኑ እብጠት ነው፣ እማማ። አይመርቁልኝ።»

በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሟ ጉንጯን አላደነቀችም። «ቆዳሽ ቢደርቅም የደም ምርመራው ውስጥሽ ገና እንደተቆጣ ያሳያል። ስኳርም ይዞሻል፤ ኪኒኑ ደግሞ ያባብሰዋል። ግን በራስሽ እንዳታቋርጪው። የስኳሩን መድኃኒት ጀምሪ፤ በሳምንቱ ሳትቀሪ ነይ፣ እንለካዋለን።»

ሳምንቱ ሲደርስ ደርበው ክምሩን ጠብቂ አላት። «የጠገበች ጊደር መስለሽ ምን ሐኪም ያሻሻል?»

«አንተ ጭሱ ጠፋ ብለህ አፈሩን ገልጠህ ታውቃለህ? ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ይነዳል ብለህ አይደል የምትፈራ?»

«ከሰል ከሰል ነው፤ አንቺ ሰው ነሽ።»

«ሰው ከሆንኩልህ፣ ለከሰሉ ያለህን ጥንቃቄ ግማሹን ለኔ ስጠኝ።»

እማማ የሻረግ ገቡበት። «ባልሽ እውነቱን ነው። የታመመ ሰው ይከሳል እንጂ መቼ ይወፍራል?»

ቀረች። የሚቀጥለውም ቀጠሮ አለፈ፤ የስኳሩም መድኃኒት አለቀ። የማይቆረጥ ውኃ ጥም ያዛት። «ጭሱ ነው» አላት ደርበው። እግሯ ላይ የወጣው ቁስልም አልደርቅ አለ። አንድ ጠዋት ክምሩ ሥር ወድቃ አገኟትና ጎረቤቶች በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። ስኳሯ ጣሪያ ነክቷል፤ የእግሯ ቁስልም አመርቅዟል።

ደርበው ከሰሉን አውጥቶ ሲያበቃ መጣ። አልጋ ላይ የከረመች ሚስቱን ጉንጯ ሟሽሾ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ሲያያት ነርሷ ላይ ዞረ። «ስትገባ እኮ ደህና ነበረች። ምን አደረጋችኋት?»

«ሲስተር» አለች ማናለብሽ፣ «ይህ ሰው ደህና ሚስት ጠፍታበት ነው የመጣ። እዚህ የለችም በይልኝ።»