የጀውሀራ ጉልበት

ደብዳቤው የደረሰው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ዕፀገነት የጄሶ ዱቄቱን ከእጇ ታጥባ ስልኳን ከፈተችና ቆማ አነበበችው። ከዚያ ተቀምጣ ደግማ አነበበችው። አራት ዓመት የቆየው ፕሮጀክት በወሩ መጨረሻ ይዘጋል፤ በሙከራው ተሳታፊዎች እጅ ያሉት ዘጠኝ ሰው ሠራሽ ጉልበቶች ከዚያ በፊት ተሰብስበው ወደ ጀርመን እንዲላኩ የጁባው አጋር በትሕትና ይጠየቃል። ከደብዳቤው ሥር የሰባት ተቋማት ዓርማ ተደርድሯል። የመጨረሻውና ትንሹ ዓርማ ዕፀገነት የምትሠራበት ወርክሾፕ ነው፤ አማራት በሚባለው የጁባ ሰፈር ከሆቴሎቹ ጀርባ ያለ፣ ሰው ሠራሽ እግር የሚሠራበት ቤት።

ዕፀገነት ሙያውን አዲስ አበባ ተምራ ለሁለት ዓመት ብላ ጁባ መጣች፤ ሳታስበው አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። በፈንጂም ይሁን በጥይት፣ በስኳርም ይሁን በመኪና እግሩን ያጣ ስንቱ ሰው በእጇ አልፏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ለሰው እግር ሰጥታ እንጂ ከሰው እግር ወስዳ አታውቅም።

የፕሮጀክቱ ነገር እንዲህ ነበር። የአውሮፓ ሕዝብ ከሚከፍለው ግብር ለምርምር ተብሎ በሚመደበው ገንዘብ፣ ስድስት ተቋማት ተጣምረው የሚለብሰውን ሰው አካሄድ እያጠና ራሱ የሚታጠፍና የሚዘረጋ ጉልበት ሊሠሩ ተነሡ። ሞተሩን የጀርመኑ ዩኒቨርሲቲ ያዘ፤ በውስጡ ያለውን ፕሮግራም የፖላንድ ኩባንያ ጻፈ፤ እንቅስቃሴ የሚለካውን ክፍል ፖርቱጋሎች ሠሩት፤ የሥነ ምግባሩ ጉዳይ ለፊንላንዶች ተሰጠ። የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚሠሩ ዕፀገነት እስከ መጨረሻው በቅጡ አልገባትም። ጉልበቱ በሙቀት፣ በአቧራና በጭቃ መፈተን ስላለበት ሰባተኛ አጋር ተፈለገ። ሦስቱም ጁባ ሞልተዋል።

ከዘጠኙ ተሳታፊዎች አንዷ ጀውሀራ ናት። ሃምሳ ዓመት ያለፋት የደሴ ሰው፣ ማላኪያ ገበያ ውስጥ ከባሏ ከሰማን ጋር ዘይት፣ ዱቄትና ሽንኩርት በጅምላ የምትሸጥ፣ ገበያውን በድምጿ የምትገዛ ሴት ነበረች። ከድንበሯ ከተማ ከኒሙሌ ዕቃ አስጭና ስትመለስ የተሳፈረችበት ከባድ መኪና ተገለበጠ፤ ቀኝ እግሯ ከጉልበት በላይ ተቆረጠ። ዕፀገነት ተራውን እግር ሠርታ ገጠመችላት። ጀውሀራ ግን አልወደደችውም። ደረጃ ላይ ጉልበቱ ይከዳታል። አንድ ቀን ደንበኞች ፊት ዘርግቶ ከጣላት በኋላ ጥግ አቆመችውና ክራንቿን ይዛ ቤቷ ተቀመጠች። ሁለት ዓመት ሙሉ ንግዱን ሰማን ብቻውን ያዘው።

አዲሱ ጉልበት ሲመጣ ዕፀገነት መጀመሪያ ያሰበችው እሷን ነበር።

ለመልመድ ብዙ አልፈጀባትም። በሁለተኛው ወር ከሱቁ ጀርባ ያለውን የመጋዘን ደረጃ ወጣች። በአራተኛው ወር አንድ ነገር ጠየቀች። ወንበር ላይ ተቀምጣ መስገድ ሰልችቷት ነበርና፣ ይህ ብልህ የተባለው ጉልበት መንበርከክ ያውቃል ወይ አለች። አያውቅም ነበር። ከሠሩት መሐንዲሶች አንዱም አላሰበበትም። ዕፀገነት ጀውሀራ ስትሞክርና ስትቸገር በስልኳ ቀርጻ ላከችላቸው። የፖላንዱ ኩባንያ ልጆች ነገሩን ያዙት፤ ሦስት ወር ሠርተው ቀስ አድርጎ የሚያወርድ፣ ሲነሡም የሚደግፍ አዲስ ፕሮግራም ላኩ። መጀመሪያ የተሞከረውም በጀውሀራ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ በተነጠፈላት ምንጣፍ ላይ ወረደች፤ ግንባሯ መሬት ነካ፤ እዚያው ቆየች። ዕፀገነት ጉልበቱ የተቆለፈባት መስሏት ልታነሣት ጠጋ ስትል ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየች። ዕፀገነት ጴንጤ ናት፤ የሰው ሱጁድ አይመለከታትም። ያን ቀን ግን ወደ ጓሮ ወጥታ፣ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ጌታን አመሰገነች።

ከዚያ በኋላ ጀውሀራ ወደ ሱቋ ተመለሰች። ኒሙሌም ዳግመኛ ወረደች። በአጋሮቹ ሪፖርት ላይ "ተሳታፊ ሰባት" እየተባለች ተጻፈች፤ የመንበርከኩ ነገርም ፕሮጀክቱ በየጉባኤው የሚታይበት ትልቁ ውጤት ሆነ።

ይህን ሁሉ እያሰበች ነው ዕፀገነት ለቲና የጻፈችላት። ቲና ጀርመን ሆና የሰባቱን ተቋማት ሥራ የምታስተባብር ሴት ናት፤ ሁለት ጊዜ ጁባ መጥታ ጀውሀራ ቤት ምሳ በልታለች። ዕፀገነት ደብዳቤዋን አላስረዘመችም፤ ጉልበቶቹ ከሰዎቹ ጋር ይቆዩ፣ እኔ እጠግናቸዋለሁ አለች። ቲና በማግስቱ መለሰች፤ በሐሳቡ ከልቤ እስማማለሁ፣ ሐሙስ በአጋሮች ስብሰባ ላይ አቀርበዋለሁ አለች።

ሐሙስ ዕለት ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሁሉም በየተራ ተናገሩ። የጀርመኑ ፕሮፌሰር በእሱ በኩል ሞተሮቹ ቢቀሩ ደስታው እንደሆነ፣ ጉልበቱ ግን የሦስት ተቋማት የጋራ ንብረት ስለሆነ ብቻውን መስጠት እንደማይችል ገለጸ። ፖርቱጋሎቹ የሌሎቹ ፈቃድ በጽሑፍ ከመጣ እንፈርማለን አሉ። የፖላንዱ ኩባንያ ፕሮግራሙን ለሌላ ትልቅ ድርጅት ሸጧል፤ አዲሱን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል፣ አዲሱ ባለቤት ደግሞ የጥምረቱ አባል አይደለም። ፊንላንዷ ሴት በጣም አዝና፣ ጉልበቱ ገና ናሙና መሆኑን፣ ለሽያጭ የሚያበቃ ማረጋገጫ እንደሌለው፣ ሙከራው ሲያበቃ መድኑም አብሮ እንደሚያበቃ አስረዳች። ነገ አንድ ሰው ቢወድቅና ቢሞት ማን ይጠየቃል? ዕፀገነት ተሳታፊዎቹ አሁንም ያለ ጉልበቱ እንደሚወድቁ ልትናገር ማይክሮፎኗን ስትከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ተመልሳ ስትገባ ስለ መጨረሻው ሪፖርት የገጽ ብዛት ይነጋገሩ ነበር።

ከስብሰባው በኋላ ቲና ለብቻዋ ደወለችላት። ድምጿ ደክሟል።

"ማንም እምቢ አላለም፤ አየሽ? ከሰባቱ አንዱም እምቢ አላለም። ግን እሺ ማለት የሚችል የለም።"

ዕፀገነት አመሰገነቻትና ስልኩን ዘጋች። ምን ብላ እንዳመሰገነቻት አላወቀችም።

ከዘጠኙ ስምንቱን በሁለት ሳምንት ሰበሰበች። አንዳንዱ ተሳደበ፤ አንዱ ካቶር ሰፈር ያለ መምህር በሩን ዘጋባት፤ በማግስቱ ግን ራሱ ይዞት መጣ። ጀውሀራን ለመጨረሻ አቆየቻት። ምክንያቱን ለራሷም ጮክ ብላ አልተናገረችውም፤ ታውቀው ነበር ግን። ከሦስት ዓመት በፊት የስምምነት ቅጹን ወደ አማርኛ የተረጎመችው እሷ ናት። "ጥናቱ ሲያበቃ መሣሪያው ለባለቤቶቹ ይመለሳል" የሚለውን መስመር ለጀውሀራ ያነበበችውም እሷ ናት። ጀውሀራ እዚያ ላይ አስቁማት ነበር። ዕፀገነት ሳቅ ብላ፣ ይህ የወረቀት ነገር ነው፣ የሰጠውን እግር የሚቀማ የት አለ አለቻት። ያኔ ከልቧ አምናበት ነበር የተናገረችው።

በመጨረሻው ረቡዕ ከረፋዱ ላይ ቦዳ ሞተር ተሳፍራ ማላኪያ ደረሰች። ጀውሀራ ሱቁ በር ላይ ቆማ ከአንድ ሱዳናዊ ጋር በዓረብኛ ዋጋ እየተከራከረች ነበር። ዕፀገነትን ስታይ ደንበኛውን ለሰማን ትታ ቀጥ ባለ አረማመድ መጣች፤ ዛሬ ደግሞ ምኔን ልትለኪ ነው አለቻት። ሰማን ከርቀት ሰላምታ ሰጥቶ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀመጠላት።

ዕፀገነት ሳታድበሰብስ ነገረቻት። በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ሌላ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን አጭሩ ነው።

ጀውሀራ ለጊዜው የገባት አልመሰለም። ወደ እግሯ አየች፤ ጫማዋን አየች።

"ምን አጠፋሁ?" አለች።

"ምንም አላጠፉም እትዬ ጀውሀራ።"

"ሰበርኩት? ውሃ አስነካሁት? ባለፈው ዝናብ ላይ በላስቲክ ሸፍኜዋለሁ፤ ሰማንን ጠይቂው።"

ዕፀገነት እሷ ያጠፋችው አንዳችም ነገር እንደሌለ፣ የሁሉም እንደሚወሰድ፣ ጥናቱ ስላለቀ እንደሆነ አስረዳች። ሰማን ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቶ መጣ። ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው፤ መግዛት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። አይሸጥም አለችው። ሰማን ሊገባው አልቻለም። ዕድሜውን ሙሉ ነጋዴ ነው፤ የማይሸጥ ዕቃ ሰዎች ለምን እንደሚሠሩ ሊያስረዳው የሚችል ሰው ቢኖር ዕፀገነት ራሷም ብትሰማው ደስ ባላት። በመጨረሻ በዓረብኛ "ማለሽ"፣ ይቅርታ፣ አለ፤ ለማን እንዳለው ግን አልታወቀም።

ጀውሀራ ወደ ዕፀገነት ዞረች። ከዚያ፣

"ያን ቀን ወረቀቱን ስታነቢልኝ ምን ነበር ያልሽኝ?" አለች።

"የወረቀት ነገር ነው አልኩዎት።"

"እኔ የፈረምኩት ላንቺ ነው፤ ወረቀቱንማ ማን አየው።"

አልጮኸችም። ብትጮኽባት ዕፀገነት ትችለው ነበር። ጀውሀራ ዙህር ሊደርስ ነው፣ ሰግጄ ውሰጂው ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ዕፀገነት የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ከመጋረጃው ወዲያ የሞተሩ ስስ ድምፅ ይሰማታል፤ ሲወርድ፣ ሲነሣ፣ ደግሞ ሲወርድ። የመጨረሻው መውረድ ረዘመ።

ስትወጣ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯን ዘረጋች። አንቺ ነሽ ያሰርሽልኝ፣ አንቺው ፍቺው አለች። ዕፀገነት ተንበርክካ፣ ብሩጎላ ቁልፏን አውጥታ አራቱን ቡሎኖች ፈታች። ሦስተኛው ቡሎን ከእጇ አምልጦ ከጆንያዎቹ መሃል ገባ። ሰማን ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አቀበላት።

ዘጠኙ ጉልበቶች በሁለት ካርቶን ታሽገው አየር ማረፊያ ደረሱ። የጭነት ክፍሉ ግን ባትሪያቸውን አይቶ መለሳቸው፤ እንዲህ ያለ ባትሪ ያለ ልዩ ፈቃድ አውሮፕላን ላይ አይጫንም። ዕፀገነት ፈቃዱን የሚያወጣላትን ፍለጋ ለቲና ጻፈች። የመጣው መልስ አውቶማቲክ ነበር፤ ቲና ወደ ሌላ ፕሮጀክት መዛወሯን፣ የዚህኛው አድራሻ ከእንግዲህ እንደማይነበብ ይናገራል። ለፕሮፌሰሩ ጻፈች። ለፖርቱጋሎቹ ጻፈች። ካርቶኖቹ ወርክሾፑ ውስጥ ከጄሶ ከረጢቶቹ አጠገብ ስድስት ሳምንት ተቀመጡ። በመጨረሻ ከፊንላንድ ጨዋ ደብዳቤ መጣ። የማጓጓዙ ጊዜ ስላለፈ አጋሮቹ መክረው መሣሪያዎቹ እዚያው ጁባ እንዲወገዱ ወስነዋል፤ እያንዳንዱ ተቆርጦ፣ ቁጥሩ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ተነሥቶ ይላክ።

በዚህ ጊዜ ሁሉም እሺ ብለው ነበር።

ዕፀገነት ደብዳቤውን ይዛ ካርቶኑን ከፈተች። ሰባተኛውን ጉልበት አወጣችና ባትሪውን ሞልታ ገጠመችው። የምታደርገውን ታውቃለች፤ ስምንት ፎቶ ልትልክ፣ ለዘጠነኛው አንድ ውሸት ልትፈልግ ነበር። ቁልፉን ስትጫነው ቀይ መብራት በራ፤ ጉልበቱ እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ። ሦስቴ ሞከረች። ፕሮግራሙ ከፖላንድ በየወሩ ፈቃድ ካልተላከለት አይሠራም፤ ፈቃዱ ደግሞ ፕሮጀክቱ የተዘጋ ዕለት አብሮ ተዘግቷል። ጀውሀራ እምቢ አልሰጥም ብላ ብትይዘውም ኖሮ፣ በዚያው ቀን ደረጃ ላይ ደርቆ ይጥላት ነበር ማለት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሠራተኞቹ ሳይገቡ ግራይንደሩን አስነሥታ ዘጠኙንም ራሷ ቆረጠቻቸው። ፎቶዎቹን ላከች። ሰኞ የምስጋና መልስ መጣ፤ ፕሮጀክቱን የገመገሙት ባለሙያዎች በተለይ የአጋር ተቋማቱን መተባበር እንዳደነቁ ይገልጻል። የፕሮጀክቱ ድረ ገጽ አልተዘጋም። በመጀመሪያው ገጽ ምንጣፍ ላይ የተንበረከከች ሴት ፎቶ አለ፤ ፊቷ እንዳይለይ ደብዝዟል።

ጀውሀራ ወደ ወርክሾፑ የመጣችው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ዕፀገነት አዲስ ተራ እግር ሠርታላት ነበር፤ ስለማታምነው በሁለት ክራንች ተደግፋ ነው የምትሄድበት። ከስታለች። ከሱቁ ቀርታ ቤት ነው የምትውለው፤ ሰማን መጋዘኑን አከራይቶታል። የመጣችው የእግሩ ቀበቶ ተበጥሶባት ነው። ዕፀገነት አጠገቧ ዝቅ ብላ ቀበቶውን እየለካች ሳለ ጀውሀራ ጠየቀቻት።

"ያ ጉልበት፣ አገሩ ደረሰ?"

ዕፀገነት ቀና አላለችም።

"ደርሷል" አለች።

"ለሰው ሰጡት?"

ከጥጉ የተቆረጡት ብረቶች በከረጢት ሆነው የቆሻሻ መኪና እየጠበቁ ነበር፤ ከረጢቱ ከጀውሀራ ወንበር አራት እርምጃ አይርቅም።

"ሰጡት።"

ጀውሀራ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ቀስ ብላ ፊቷ ፈታ አለ፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ዕፀገነት እንዲህ ሆና አላየቻትም። "ሴት ናት ወንድ?"

"ሴት ናት።"

"መጀመሪያ ሰሞን ሲያወርድሽ የሚጥልሽ ይመስላል፤ ያስፈራል። አይጥልም። እንዳትፈራ ንገሯት።"

"እንነግራታለን" አለች ዕፀገነት፤ ቀበቶውንም መስፋት ጀመረች።