የቅሬው የጃፓን አዳራሽ

ወንድዬ «ጃፓን ሦስት ዓመት ኖሬያለሁ» ማለት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ የሄደው እዚሁ ወሎ ውስጥ እስካለችው ደጎሎ ነው፤ መንገድ ለሚለካ አንድ ጃፓናዊ ዘንግ ተሸክሞ ሁለት ሳምንት ሠርቷል፣ በቃ። ውሸት ግን እንደ ገብስ ናት፤ አንዷ ፍሬ ዘለላ ታወጣለች። መጀመሪያ ባቡሩን አወራ፦ ከመፍጠኑ የተነሳ ተሳፋሪው ዛሬ ደርሶ ጥላው በማግስቱ ይመጣል። ቀጥሎ ሚስት አገባ፤ ሚቺኮ ትባላለች፣ እናቷን ልታስታምም እዚያው ቀርታለች።

ይህ ሁሉ ማንንም አልጎዳም ነበር፣ በጀት እስኪመጣ ድረስ።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብላ ገደል አፋፍ ላይ በተቀመጠችው ቀበሌያቸው፣ እስላም ክርስቲያኑን አብሮ የሚቀብረው እድር፣ ቅሬው፣ ለቀስተኛ የሚጠለልበት አዳራሽ ፈልጎ ስድስት ክረምት ወረዳውን ደጅ ጠንቷል። መልሱ ሁሌም «ለለቅሶ የበጀት ርእስ የለም» ነው። ዘንድሮ ግን በጃፓኖች እርዳታ ለአንድ ነገር ርእስ ተገኘ፦ ለአረንጓዴና ሁሉን አካታች የጃፓን ባህል ማዕከል።

የቅሬው ዳኛ ሸህ ይማም ወንድዬን አስጠሩት። «አንተ፣ የጃፓን አማች አይደለህ? ጻፍ።»

ጻፈ። «ማዕከሉ አረንጓዴ ነው?» ለሚለው፣ የለቅሶው ዳስ በደንብ ባልተወቃ የገብስ ጭድ ተከድኖ ገብሱ በቅሎበት ነበርና «ጣሪያችን በዓመት አንዴ ይታጨዳል» አለ። «ሁሉን ያካትታል?» ለሚለው «ሞት የማያካትተው ሰው የለም» አለ። «ስንት ጃፓናዊ ይጠቀምበታል?» ለሚለው «በጋብቻ፣ አንድ።»

ማመልከቻው አለፈ። ግን አጣሪ ይመጣል ተባለ፤ ያውም ጃፓናዊ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወንድዬን እህል አልወርድ አለው። አዳራሹስ ይቅር፣ አሥራ አንድ ዓመት የለፋበት ስሙስ?

አጣሪው አቶ ኦኩዳ ከአስተርጓሚው ከዓባይነህ ጋር መጡ። ሀገሬው ዳሱ ሥር ተሰብስቧል። እንግዳው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ፤ ገብሱን የምትግጥ ፍየልም ቁልቁል አየቻቸው። ፎቶ አነሷት።

«ይኸው አማችዎ» አሉ ሸህ ይማም፣ ወንድዬን ወደፊት ገፋ አድርገው።

አቶ ኦኩዳ ጎንበስ ብለው በጃፓንኛ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። አንድ ቀን እንኳ አምናው የማታውቀው ጎረቤቱ ይርገዱ ከኋላ «መልስላቸው እንጂ ወንድዬ! ምላስህን ባቡሩ ላይ ረሳኸው?» አለች።

ወንድዬ ወደ ገደሉ አየ፣ ሩቅ ነው። ወደ ሰዉ አየ፣ ብዙ ነው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ጮኸ፦ «ወይኔ ሚቺኮዬ! መርዶዬን ነገሩኝ!»

«ኧረ እሳቸው ያሉት መንገዱ ጭቃ ነው—» ብሎ ዓባይነህ ሲጀምር፣ ሸህ ይማም ትከሻውን ያዙት። «ልጄ፣ በቅሬያችን ለቅሶ ያቋረጠ አንድ ቁና ገብስ ይቀጣል።»

ቅሬ ዋይታ ከሰማ አያጣራም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደገደጉ፤ አልቃሿ አልታዬም ሙሾውን አወረደችው፦

«ፈጣን ነው ይለናል ባቡሩን ሲያወራ፣
ሞት ቀድሞት ገባ ወይ ከሚቺኮ ጎራ!»

አቶ ኦኩዳ ለሐዘኑ ክብር ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «አያችሁ፣ ወንድሟ ናቸው!» አለ ሰዉ፤ ደግፎም ከወንድዬ ጎን አስቀመጣቸው። በቅሬው ሕግ ደግሞ ሐዘንተኛ ሦስት ቀን አይነሳም። ሦስት ቀን ንፍሮ ቆረጠሙ። ሦስቱንም ቀን ዝናቡ በአረንጓዴው ጣሪያ እየሾለከ በአንገታቸው ገባ። በአራተኛው ቀን አቶ ኦኩዳ እያስነጠሱ ፈረሙ፤ ከፊርማቸው በላይ «ጣሪያ በአስቸኳይ» ብለው ጻፉ።

አዳራሹ ቆመ። በሩ ላይ «ሚቺኮ» ተብሎ ተጻፈ። ወንድዬ ስሙ ተርፎለት ደረቱን ነፍቶ ሲገባ ሸህ ይማም ጆሮው ሥር አሉት፦ «ጃፓን ደርሶ የመጣ ሰው እንዳንተ የደጎሎ ሚኒባስ ላይ አያስመልሰውም። ድሮም እናውቃለን። ቅሬው ግን ለሟች ሕግ አለው፤ ሙት ዓመቷን በየዓመቱ ታወጣለህ።»

አንድ በግ አረደ። በዓመቱ ሌላ አረደ። በሦስተኛው ዓመት በረቱ ውስጥ የቀሩትን ሁለት በጎች አይቶ ወደ ሸህ ይማም ሮጠ።

«ሸኹ፣ ትናንት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሚቺኮ ለካስ አልሞተችም!»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሸህ ይማም፣ ፊታቸው በርቶ። «እንግዲያስ ለምስጋናው ሁለት ነው የሚታረደው።»