ሰባት ጊዜ የተቀረጸ ፍቺ

እንድሪስ ሚስቱን ይወድ ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው። ጥፋቱ መውደዱ አልነበረም፤ ቅናቱ ነው። ያ ቅናት ባይኖርበት ኖሮ ሚስቱ ኑርሀያት ከቤቷ ባልወጣች ነበር።

ነገሩ የጀመረው ኢሕዲሪ በታወጀ ሰሞን፣ በጥቅምት ነው። የቴሌቪዥን ሰዎች ከአዲስ አበባ በላንድሮቨር መጡ። የሴቶችን እኩልነት የሚያስተምር ድራማ ሊቀርጹ ነው ተባለ። ሐይቁንም፣ ወዲያ ማዶ ያለውን የአምባሰልን ተራራም እንደ ልባቸው ካነሱ በኋላ የጎደላቸው ሰው ብቻ ነበር። አዘጋጁ ሙሉጌታ ይባላል፤ ጸጉሩን ያጎፈረ፣ ሲጋራ ከአፉ የማይለይ፣ አነጋገሩ ግን ለስላሳ ሰው ነው። "የአገሩን ሰው ነው የምፈልገው። የአዲስ አበባ ተዋናይ ወሎዬ ነኝ ቢል ማን ያምነዋል?" አላት የቀበሌውን ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ተሻለችን። ተሻለችም ሳታመነታ ኑርሀያትን አስጠራች።

ኑርሀያት ልጃገረድ ሳለች የቀበሌው ኪነት ዋነኛ ድምጻዊ ነበረች። የአምባሰልን ዜማ ስታንቆረቁረው ሽማግሌው ሁሉ ዓይኑን በጋቢው ይጠርግ ነበር። እንድሪስን ካገባች ወዲህ ግን ቀርታለች። እሱ "ተይ" ብሏት አያውቅም፤ ነገር ግን እሷ ልምምድ በሄደች ቁጥር ሆዱን ስለሚያመው፣ ሳትከለከል ቀረች።

ሙሉጌታ እንዳያት የሚስቲቱን ቦታ ሰጣት። ባሏን ሆኖ እንዲጫወት ደግሞ አምሳሉ የሚባል መልከ ቀና መምህር ተመረጠ። እንድሪስ ይህን የሰማው ከሐይቁ ዳር ከዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ጓደኞቹ ጋር መረብ ሲጠግን ነው። መረቡን እዚያው ጥሎ፣ እጁ የቆሮሶ ዓሣ እየሸተተ፣ ቀበሌው ግቢ ድረስ መጣ።

"ሚስቴ የሰው ሚስት ስትሆን ቆሜ አላይም!" አለ። "የግድ ሚስት ትሁን ከተባለ የኔው ትሁን!"

ሙሉጌታ ሳቀና ከእግር እስከ ራሱ አየው። ድራማው ፊውዳላዊ አስተሳሰብ የተጠናወተው ባል ይፈልጋል፤ ይኸው በእግሩ መጣ። መምህሩ ተሰናበተና እንድሪስ የሚስቱ ባል ሆኖ ተመዘገበ። ለአንድ ሳምንት በከተማው እየተንጎራደደ ሰላምታ ሲቀበል ሰነበተ። "በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ኑርሀያት በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች። ድርሰቱን ተቀብላ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ አነበበችው። ሚስትየው ለማኅበር ስብሰባ ትወጣለች፤ ባልየው ይቆጣና በሦስት ይፈታታል፤ ታለቅሳለች። ካድሬ መጥቶ ባልየውን ያስተምረዋል፤ ባልየው ንቃተ ኅሊናው ይዳብርና መልሶ ይወስዳታል። አለቀ። ባልየው ገጽ ሙሉ ይናገራል፣ ካድሬውማ አያቆምም። የእሷ ንግግር ግን ተለቅሞ ስድስት ነው፤ ከስድስቱ አራቱ "እባክህ" ነው። ከዚያ የተረፈው ቦታ ሁሉ "ታለቅሳለች" የሚል ነው።

"ጓድ ሙሉጌታ፣ ድራማው ስለኔ መብት ነው አላላችሁም?" አለችው። "ታዲያ እኔ ለምን አልናገርም?"

"እህቴ፣ የሴት እንባ ከሺህ ቃል ይበልጣል። ተመልካቹን የሚይዘው እሱ ነው።"

"እኛ አገር እኮ ሴት ስትፈታ ዝም ብላ አታለቅስም። ሽማግሌ ሰብስባ 'ምን አጠፋሁ?' ትላለች። ይችን እንኳ ልበል።"

"ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ለሌላ ድራማ እንይዘዋለን" አለና ሲጋራውን ለኮሰ።

የፍቺው ቀን ደረሰ። ሐይቁ ዳር ካለች ጎጆ ፊት ካሜራው ተተከለ። በድርሰቱ የሚስትየው ስም ፋጡማ ነው። እንድሪስ ግን ስሙ አልያዝ አለው። "ፋ..." ይልና ዓይኑ ሚስቱ ላይ ሲያርፍ "ኑርሀያት" ይላል። ሁለቴ ተበላሸ። ፊልሙ ውድ ነው፤ ሙሉጌታ ተናደደ።

"ተወው በቃ! በራሷ ስም ጥራት። እንዲያውም ያምርበታል።"

እንግዲህ እንድሪስ ጣቱን ቀስሮ "ኑርሀያት! ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ፣ ፈትቼሻለሁ!" አለ። ብሎ ግን ሳቁ አመለጠው። እንደገና ተባለ። አሁን ደግሞ ደመና መጣ። እንደገና። ጀልባ በጀርባው አለፈች። እንደገና። እንዲህ እንዲህ እያለ በእሷ ስም ብቻ ሰባት ጊዜ ተቀረጸ። በሰባተኛው ፀሐዩም ድካሙም በርትቶበት ነበርና ቁጣው የእውነት ሆነ። ኑርሀያት እስከዚያ በውሃ ዓይኗን እያራሰች ነበር የምታለቅሰው። ያን ጊዜ ግን በምታውቀው ድምፅ፣ በገዛ ስሟ ያ ቃል ሲወርድባት መሬት ላይ ተቀምጣ ተንሰቀሰቀች።

"ይኸው! ይኸው ነው!" ብሎ ሙሉጌታ አጨበጨበ።

ወደ ቤት ሲመለሱ "እንድሪስ፣ ያ ቃል ቀፈፈኝ" አለችው።

"አብሽሪ፣ ጨዋታ እኮ ነው" አለና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት።

ጁምዓ ቀን ከሶላት በኋላ ወንዶቹ ከመስጊዱ ውጪ ሾላው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። እንድሪስ መቀረጹን እያስመሰለ ያወራል፣ ሰው ይስቃል። ያልሳቁት ሼህ አብደላ ብቻ ናቸው። የእሱንና የኑርሀያትን ኒካህ ያሰሩት እሳቸው ነበሩ።

"በማን ስም ነው ያልኸው?" አሉት።

"በስሟ ነው ሼህ። የተጻፈው አልያዝ ቢለኝ ጊዜ..."

"ስንት ጊዜ?"

"ሦስት ሦስት እያልሁ ሰባት ጊዜ አስደገሙኝ" አለ፣ አሁንም እየሳቀ።

"ላ ኢላሀ ኢለላህ!" አሉ ሼሁ። ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ። "ልጄ፣ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ቁም ነገራቸውም ቁም ነገር፣ ቀልዳቸውም ቁም ነገር ነው፤ ማሰሪያው ኒካህ፣ መፍቻው ጠላቅ፣ የፈቷትን መመለስ። አንተ ሚስትህን ፈተሃል። ሌላ አግብታ ካልተፈታች በቀር አትመለስልህም።" ይህን ሲሉ እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ደግ ነበር፤ ሰው ይሰድባቸውና ይገላገል ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያን ቃል ከየት ይመልሱት?

እንድሪስ ቤቱ ሲደርስ ደጁ ላይ ቆመ። ኑርሀያት ልጃቸውን ዘሀራን ጸጉሯን እየሠራቻት ነበር።

"ግባ እንጂ፣ ምን ሆነህ ቆምህ?" አለችው።

"አልገባም። ሼህ አብደላ... ሐራም ሆንሽብኝ አሉ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ፊቱን አየችና ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። በማግሥቱ አባቷ ኑርዬ መጥተው እሷንና ዘሀራን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤታቸው ወሰዷቸው።

ኑርዬ እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም፤ ደሴ ወጥተው አንድ ትልቅ ዓሊም፣ የሃይማኖት ሊቅ፣ ጠየቁ። ዓሊሙ "ይህ የሌላ ሰው ንግግር ማውሳት ነው እንጂ ጠላቅ አይደለም። ይመለሱ" ብለው አጽናንተው ላኳቸው። ኑርሀያት ይህን ስትሰማ ጫማዋን እንኳ በወጉ ሳታደርግ ሐይቅ ድረስ መጣች። እንድሪስን ጀልባው አጠገብ አገኘችው፤ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል።

"ሐላል ነው ብለዋል!" አለችው። "ደሴ ያሉት ዓሊም ሐላል ነው ብለዋል!"

ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። "አንዱ ሐራም፣ አንዱ ሐላል ይላሉ። እኔ መሀይም ነኝ፣ ኑርሀያት። በጥርጣሬ እንዴት አንድ መደብ ላይ እንተኛ? የምንወልደውስ ልጅ? ወላሂ የአኼራን ፍርድ እፈራለሁ።"

ተሻለች ነገሩን ስትሰማ ጠረጴዛ ደበደበች። "ይህ አድኃሪ አስተሳሰብ ነው! በሚሊሻ አስይዤ ቤቱ አስገባዋለሁ!" አለች።

"ተይ እትዬ ተሻለች" አለቻት ኑርሀያት። "በሚሊሻ ተጎትቶ የገባ ባል ምን ያደርግልኛል?"

በዚህ መካከል ኑርዬ ተቆጡ። ልጄ ሚስት ትሁን ፈት ሳይታወቅ እስከ መቼ ትቀመጣለች አሉ። በኅዳር ማለቂያ ሽማግሌ ሰብስበው "ወይ ውሰዳት፣ ወይ ለይልን" አሉት። እንድሪስም ለስምንተኛ ጊዜ፣ ካሜራ በሌለበት፣ በምስክር ፊት ያን ቃል ተናገረው። ኑርሀያት ጓዳ ሆና ሰማችው። ሽማግሌዎቹ ባልየውን ጠየቁ፣ አባትየውን ጠየቁ፣ መርቀው ተነሡ። የጓዳውን መጋረጃ የገለጠ ሰው አልነበረም። እኔ ይህን ስተርክ ዛሬም ያቃጥለኛል።

ድራማው የታየው በየካቲት ማለቂያ፣ በአንድ ቅዳሜ ምሽት ነው። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ያለችው አንዲት ቴሌቪዥን ፊት ሐይቅ በሙሉ ተጠቅጥቋል፤ ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ። ኑርሀያት ዘሀራን ለእናቷ ትታ፣ አክስቷ ዘንድ አድራ ልትመለስ ከአርዲቦ መጥታ ነበር። ለምን እንደመጣች ቢጠይቋት ራሷም አታውቅም።

በቴሌቪዥኑ መስኮት ውስጥ ራሷን አየች። ስድስት ናቸው ካለቻቸው ንግግሮቿ ሁለቱ ተቆርጠው ወጥተዋል። እንባዋ ግን አንዲት ጠብታ ሳትቀር አለ። ያ በሰባተኛው ጊዜ የወረደው እንባ ነው። ካሜራው ፊቷን አቅርቦ፣ ንፍጧን ሳትጠርግ፣ አፏ ተጣሞ፣ ሰው ሁሉ ጠግቦ እስኪያያት ድረስ አቆያት። ሴቶቹ "እሰይ የኔ እናት፣ ስታውቅበት!" እያሉ በሻሻቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እሷ አፈረች። ጓዳዋ ገብተው ያዩባት መሰላት።

ካድሬው መጣና ብዙ ተናገረ። እንድሪስ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከወደቀችበት አነሳት፣ እሷም ጉልበቱን ሳመች፤ እጇን ይዞ በሐይቁ ዳር ባለችው መንገድ ወደ ጎጆዋ ወሰዳት፤ ገቡና በሩ ተዘጋ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፣ ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች። ጎረቤቷ ክንዷን ስትቆነጥጣት ጊዜ እልልታዋ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ጭብጨባው ከዚያ ወዲህ እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ሰው ሁሉ በስርቆት መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ኋላ ወደ ቀኝ አየ።

ስትወጣ እንድሪስ አጥሩ ጋ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ቀረብ ለማለትም ለመራቅም ፈርቶ ተገትሯል።

"ያን ቀን እንዲህ ስታለቅሺ አላየሁሽም" አለ። "ቃሉ እንዳይጠፋኝ ስጨነቅ ነበር። ዛሬ ነው ያየሁሽ።"

"እንድሪስ፣ አንተ ሼሁን ጠየቅህ" አለችው። "አባቴ የደሴውን ዓሊም ጠየቀ። እትዬ ተሻለች ሚሊሻ ልትጠራ ነበር። 'ኑርሀያት፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?' ያለኝ አለ?"

"እንግዲያው አሁን ልጠይቅሽ፤ ምን ትያለሽ?" አላት።

መልሱን ውሃ ስትቀዳም፣ ዘሀራን ስታስተኛም ለራሷ እየደጋገመች ሦስት ወር ሙሉ አጥንታው ነበር። ወደ ቤቴ ውሰደኝ፣ ኃጢአት ከሆነም አብረን እንሸከመዋለን ነበር የምትለው። አሁን ከፊቷ ቆሞ ሲጠይቃት ያን ቃል ሁሉ ዋጠችው።

"ዘገየህ" አለችው። "ልትመልሰኝ ትችልበት የነበረው የሦስት ወር ዒዳዬ ሐሙስ ዕለት አለቀ። አባቴ ለአንድ የውጫሌ ነጋዴ ሊድረኝ ቃል ሰጥቷል። አባቴም አልጠየቀኝም።"

እንድሪስ አጥሩን በእጁ ያዘ። ኑርሀያት ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ዓይኗ ደርቆ፣ በአክስቷ ቤት መንገድ ሄደች።