የተዘለለው ጉባኤ ቤት

በሙዚየሙ አዳራሽ መሀል፣ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ፣ አዲሱን የከተማ ፕላን የምታሳይ ትንሽ ጎንደር ተዘርግታለች። የነገሥታቱ ግቢ መዳፍ ያክላል፤ ወደ ማራኪ የሚወጡት ሚኒባሶች የሩዝ ፍሬ ያክላሉ። እኔ ሥራ የለኝምና ሁለት ሳምንት ሙሉ ብቻዬን በዓይኔ ተንሸራሸርሁባት። አንዱን ሰገነት የራሴ አድርጌ፣ እዚያ ተቀምጬ የማትመጣ ሰው ስጠብቅ ውዬ አውቃለሁ። እንዲህ ስባዝን ነው የተዘለለውን ሳላይ የቀረሁት።

ያየሁት ሐሙስ ነው። ከደብራችን በስተጀርባ፣ ከጥዶቹ ሥር፣ የየኔታ ህሩይ የዜማ ጉባኤ ቤትና የአርባ ተማሪዎች ጎጆ መኖር ነበረበት። ያለው አረንጓዴ ስፖንጅ ነው። ዳኛው የሚባለውን አስጎብኚ ጠየቅሁት።

«ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ነው የተሠራው» አለኝ። «ቤት ቢኖር ይታይ ነበር።»

ከጥድ ሥር ያለ የሣር ክዳን ከሰማይ ሲያዩት ምን ሊመስል ኖሯል? ሣር ነዋ። ተማሪ ጎጆውን በእጁ ቀልሶ ይገባል እንጂ የቤት ቁጥር አያወጣ። ወርዶ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሰኞ ፕላኑ ሲጸድቅ ቦታው መናፈሻ ይሆናል፤ የሚፈርስ ቤት የለም ተብሎ አርባ ጎጆ ይፈርሳል።

በማግስቱ የኔታን በእጄ መርቼ አመጣኋቸው። ዓይናቸውን በልጅነታቸው ፈንጣጣ ወስዶታል። ገና ጣታቸውን ወደ ጠረጴዛው ሲዘረጉ ዳኛው «መንካት ክልክል ነው» አለ።

«ሸጋ። እንግዲያ አንተ በቃልህ በልልኝ። ከደብሩ በር ጀምር።»

ዳኛው መጠቆሚያ በትሩን አነሣ። «ይህ ዋናው በር ነው። ይህ ቤተ ክርስቲያኑ። ይህ ቤተልሔሙ። ቀጥሎ አረንጓዴ ስፍራ…»

«ዘለልህ» አሉ የኔታ። «ከመጀመሪያው።»

እሳቸው ዘንድ የተማረ ያውቀዋል። አንዲት ቃል የዘለለ ተማሪ ከዘለለበት አይቀጥልም፤ ከላይ ነው የሚጀምር። ዳኛው ይህን አያውቅ፣ ፈገግ ብሎ ደገመ። በር፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ቤተልሔም፣ አረንጓዴ…

«ዘለልህ።»

በሦስተኛው ላይ ጎብኚዎች ከበቡን። አንዲት ሴትዮ «ምነው፣ ልጁ ቀለሙን አላጠናም?» ብላ አሳቀችበት። ዳኛው በትሩን አወረደ።

«የኔታ፣ እኔ የተሰጠኝን ነው የምናገረው።»

«የሰጠህም ዘሏል። ከቤተልሔሙ ቀጥሎ ምንድን ነው?»

ወደ እኔ አየ። አላዘንሁለትም።

«የእርስዎ ጉባኤ ቤት ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱን ጻፈው» አልሁት። «ማኅተም ያለው ወረቀት ላይ።»

«እኔ አልጽፍም። አስተያየት በስልክ ነው የሚሰጠው። ይችን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ የተለጠፈች ምልክት በስልክዎ ፎቶ ያነሡና…»

ጮኽሁበት። «ዓይነ ስውር ለሆኑት የኔታ ‹ፎቶ ያንሡ› ትላለህ? ከሰማይ ያነሣችሁት አልበቃችሁም?»

የኔታ ግን በመቋሚያቸው ወንበር ዳብሰው አገኙና ተቀመጡ።

«ኪዳነወልድ» አሉኝ። «ሂድና ልጆቹን ጥራቸው። መቋሚያቸውን ይያዙ። ጉባኤ ቤቱ ሣር ከሆነ ጉባኤው የት ይዋል?»

«የኔታ፣ ይህ እኮ አዳራሽ ነው» አለ ዳኛው።

«ሸጋ አዳራሽ ነው። ድምፅ ይይዛል። ቤታችን እስኪመለስ ይበቃናል።»

ከበሩ ስደርስ ዳኛው ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፏል። «ጌታዬ» ይላል፣ «ያ ባዶ ያልነው ቦታ…»

የየኔታ ድምፅ ከኋላው መጣ።

«ከመጀመሪያው ንገረው።»